ከተለቃቀመ መለዋወጫ የድሮ ትራያል ሞተር ብስክሌት መሥራት፦ ከየት ልጀምር?

ብረት ለቃሚ (የክሩ ጀማሪ)

ጤና ይስጥልኝ። ላለፉት ስድስት ዓመታት ከያለበት የሰበሰብኳቸው የቆዩ የሞተር ብስክሌት ክፍሎች አንድ ሙሉ መደርደሪያ ስለሞሉ፣ ከእነሱ አንድ በወጉ የሚሠራ የትራያል ሞተር ብስክሌት ልገጣጥም ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ለአዳዲስ አንባቢዎች ያህል፣ ትራያል የፍጥነት ውድድር አይደለም። ነጂው ድንጋይ፣ ጅረትና ጭቃማ አቀበት ባለበት አጭር የተከለለ መንገድ ላይ እግሩን መሬት ሳያስነካና ሳይቆም እንዲያልፍ ይጠበቅበታል። አንድ ጊዜ ከረገጠ 1 ነጥብ፣ ሁለት ጊዜ ከረገጠ 2፣ ከዚያ በላይ ስንት ጊዜም ቢረግጥ 3 ይያዝበታል፤ ከቆመ፣ ከወደቀ ወይም ከመስመሩ ከወጣ ደግሞ 5 ይሆናል። አሸናፊው ትንሽ ነጥብ የተያዘበት ነው።

በእጄ ያለው የሚከተለው ነው። የቢኤስኤ ባንታም ዲ7 ሞተር ከነካምቢዮው አለኝ፤ 172 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ምት፣ ባለ ሦስት ማርሽ ሲሆን ክራንክ ሻፍቱ ይዞራል፣ ፒስተኑ ግን ተጭሯል። ቴላዮውም (ሁሉም ክፍል የሚታሰርበት የብረት አጽም) የባንታም ነው፤ ከኋላ በአሞርዛተር የሚወዛወዘው ዓይነት ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ በላይ በላዩ ከመቀባቱ የተነሣ የብየዳው መስመር እንኳ አይታይም። የፊት ፎርኩ ከየትኛው ሞተር ብስክሌት እንደ ወጣ አላውቅም። 21 ኢንች የፊት ጎማ ከነቸርኬው፣ 18 ኢንች የኋላ ቸርኬ ያለ መሃል ክፍሉ፣ አንድ አማል ካርቡሬተር እና የተቀጠቀጠ የነዳጅ ሰርባቶዮም አሉኝ።

ሐሳቤ ከሞተሩ ለመጀመር ነው። ሲሊንደሩን አስፍቼ አዲስ ፒስተን ላስገባ፣ ጭንቅላቱን ቆርጬ ግፊቱን ከፍ ላደርግ፣ ካርቡሬተሩንም በተለቀ ልተካ አስቤያለሁ። ሞተሩ ከጠነከረ ሌላው ቀስ በቀስ ይስተካከላል ብዬ ነው። በተጨማሪም አንድ ወዳጄ የአንድ ሚንስክ ሞተር ብስክሌት ክፍሎች በሳጥን ሰጥቶኛል፤ ሁለቱም የአንድ ጀርመናዊ ሞተር ልጆች ናቸው ሲባል ሰምቻለሁና ክፍሎቻቸው ይለዋወጡ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ሰዎች ምክራችሁን እንዳትነፍጉኝ እለምናለሁ።

ቀስ ብሎ ሂያጅ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለዎት፤ መደርደሪያው የሞላ ሰው ግማሹን ጨርሷል። ነገር ግን በሐሳብዎ ቅደም ተከተል ላይ አልስማማም፤ ምክንያቱንም ዘርዘር አድርጌ ልንገርዎት።

ትራያል ላይ ጉልበት የሚለካው ሞተሩ በጣም ቀስ ብሎ ሲዞር ሳይንቀጠቀጥና ሳይጠፋ መጎተት በመቻሉ ነው። ነጂው ድንጋይ ላይ ሊወጣ ሲል ጋዙን በጥቂቱ ከፍቶ ወዲያው ይመልሳል፤ ሞተሩ በዚያች ቅጽበት እንደ ተወነጨፈ ፈረስ ከዘለለ የኋላ ጎማው ይንሸራተታል፣ ከታፈነ ደግሞ 5 ነጥብ ይያዛል። ግፊቱን ከፍ ሲያደርጉና ካርቡሬተሩን ሲያተልቁ የሚያገኙት ጉልበት ከላይ፣ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር የሚመጣ ነው። ከታች የነበረውን ልስላሴ ግን ያጣሉ። እኔ ብሆን የፋብሪካውን ግፊት እንዳለ ትቼ፣ ካርቡሬተሩንም ጠበብ ያለ መርጬ፣ ቮላኖው (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር አብሮ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ላይ ክብደት እጨምር ነበር። ከባድ ቮላኖ ያለው ሞተር ጋዙ ሲዘጋ እንኳ ለጥቂት ዙሮች በራሱ ጉልበት ይሄዳልና ድንጋዩ ጫፍ ላይ የሚያሻግርዎት እሱ ነው።

የድሮዎቹ የእንግሊዝ ሞተሮች ለዚህ ሥራ የተመቹበት አንዱ ምክንያት የፒስተናቸው ጉዞ ረጅም፣ ዙራቸውም ዝግተኛ መሆኑ ነበር። የኤሪያል ኤችቲ5 ሲሊንደር 81.8 ሚሊ ሜትር ስፋትና 95 ሚሊ ሜትር የፒስተን ጉዞ ነበረው፤ የቪሊየርስ 9ኢ ደግሞ 59 በ72። የእርስዎ ባንታም 61.5 በ58 ስለሆነ ከእነዚህ ይልቅ ለፍጥነት ያዘነብላል፤ ቮላኖውን የሚያከብዱበት ተጨማሪ ምክንያት ይሄ ነው።

ከየት ልጀምር ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ፣ ከቆሙበት ቦታ ይጀምሩ የሚል ነው። ትራያል ቆሞ የሚነዳ ስለሆነ የእግር መርገጫው፣ መሪውና ሁለቱ ጎማዎች በምን ርቀት ላይ እንደሚቀመጡ ሳይወስኑ ሞተሩ ላይ የሚያወጡት ድካም ሁሉ በከንቱ ሊቀር ይችላል። ያልጠገኑትን ሞተር ባዶውን ቴላዮው ውስጥ አስረው፣ ጎማዎቹን ገጥመው፣ በሁለቱም በኩል በእንጨት ደግፈው ይውጡበት። ጉልበትዎን ሸብረክ አድርገው ሲቆሙ መሪው እጅዎን የሚጠብቀው የት ነው? መሪውን እስከ መጨረሻ ሲያዞሩ ጉልበትዎን ይመታል? የመንገድ ሞተር ብስክሌት መርገጫ ለተቀመጠ ሰው ስለተሠራ ወደ ፊት ይወጣል። ለትራያል ግን የኋላ ጎማውን የሚይዘው የኋለኛው ክንድ ከሚታጠፍበት ዘንግ በስተጀርባ ጥቂት ዝቅ ብሎ፣ ከመሬት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ነው ክብደትዎ የኋላ ጎማውን ጭቃ ላይ የሚያስነክሰው።

የቶርኖዋ ልጅ

ቀስ ብሎ ሂያጅ በተናገሩት እስማማለሁ፤ እኔ ስለ ቴላዮው ልጨምር።

መጀመሪያ ቀለሙን በሙሉ እስከ ብረቱ ያውርዱ። ያ ሁሉ ቀለም ምን እንደሸፈነ አይታወቅም። የቆዩ ቴላዮዎች የሚሰነጠቁት በአብዛኛው መሪው ከሚታሰርበት ቧንቧ ሥር፣ የኋላ ክንዱ በሚታጠፍበት ዙሪያ እና ቀድሞ የነበረ ሰው ያለ ጥንቃቄ በበየደበት አጠገብ ነው። ስንጥቁ ከፀጉር ስለሚቀጥን በዓይን ብቻ አይታመንም። እኔ ብረቱን በቤንዚን አጥቤ፣ ቀጭን ዘይት ቀብቼ፣ ጥቂት ቆይቼ በደንብ ከጠረግሁ በኋላ የኖራ ዱቄት እነሰንስበታለሁ፤ ስንጥቅ ካለ የተደበቀው ዘይት ወደ ዱቄቱ እየወጣ እንደ ጥቁር ክር ይታያል።

ሁለተኛው የመሪው ዘንግ ዘንበል ያለበት አንግል ነው። ይህን በቁጥር ካላየነው አይገባም። የመሪው ዘንግ መሥመር ወደ ታች ቢቀጥል መሬቱን የሚነካበት ነጥብ፣ ጎማው ራሱ መሬቱን ከሚረግጥበት ነጥብ ቀድሞ ይገኛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ረጅም ሲሆን ሞተር ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ መሄድ ይወዳል፣ ሲያጥር ደግሞ በቀላሉ ይዞራል። ከፊት 21 ኢንች ጎማ ያለው፣ ዘንጉ 28 ዲግሪ የተዘነበለ፣ ፎርኩ ከዘንጉ 55 ሚሊ ሜትር የቀደመ ቢሆን ይህ ርቀት ወደ 120 ሚሊ ሜትር ይሆናል። አንግሉን ወደ 25 ዲግሪ ብታቆሙት ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። በሦስት ዲግሪ ብቻ ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ የሚሰማው ልዩነት ትልቅ ነው። በዚያው ልክ በሁለቱ ጎማዎች መካከል ያለው ርዝመትም ያጥራል፤ 132 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ሲያርፍ ጥሩ ነው።

ይህን ለማድረግ የላይኛው ቧንቧ ከመሪው ቧንቧ አጠገብ ተቆርጦ እንደገና መበየድ ይኖርበታል። እባክዎን ሳይለኩ አይቁረጡ፤ ሳያስሩም አይበይዱ። ቴላዮው ከባድ የብረት አልጋ ላይ በኋላው ዘንግና በመሪው ቧንቧ በኩል ካልታሰረ ሙቀቱ ያጣምመዋል፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መሥመር አይሄዱም። ቧንቧ የሚተኩም ከሆነ የብረቱን ዓይነት ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ1935 የወጣው ሬይኖልድስ 531 የሚባለው ቀጭን ቧንቧ ብዙ ዝነኛ ቴላዮዎች የተሠሩበት ነው፤ ግን በነሐስ እንዲበየድ እንጂ ራሱ ቀልጦ እንዲጋጠም የታሰበ ስላልሆነ ሙቀት ከበዛበት ከብየዳው አጠገብ ይሰባበራል።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በመጀመሪያው ሥራዬ የእግር መርገጫውን መያዣ ከቀጭኑ ቧንቧ ጋር በኤሌክትሪክ በየድኩት። ብየዳው ያማረ ነበር። ሦስተኛው ቀን ላይ ከአንድ ጉቶ ስወርድ ክብደቴ ሁሉ ቀኝ እግሬ ላይ እንዳረፈ መርገጫው ከነቧንቧው ቁራጭ ተገንጥሎ ቀረ፤ ብየዳው ራሱ ግን አልተነካም ነበር። የተሰበረው ከጎኑ ያለው ብረት ነው። ከዚያ ወዲህ መርገጫውን በቀጥታ ቧንቧ ላይ አልበይድም፤ ወፍራም ላሜራ ቆርጬ ጭነቱ በሰፊው እንዲበተን ቧንቧውን አቅፎ እንዲይዝ አደርጋለሁ።

የጥንቱ ይሻላል

አንድ ነገር አሳስባለሁ። ቴላዮውን ቆርጦ አንግል መቀየር፣ በድሮ ፎርክ ውስጥ ዘመናዊ ሞላና ዘይት ማስተላለፊያ መደበቅ፣ የመሃል ክፍሉን በኮምፒዩተር በተቀረጸ አሉሚኒየም መተካት የተለመደ ሆኗል፤ ውጤቱ ግን የድሮ ሞተር ብስክሌት ሳይሆን ድሮን የለበሰ አዲስ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 በፊት ለተሠሩት ሞተር ብስክሌቶች የተለየው የውድድር ምድብ የተፈጠረው የዚያን ዘመን ሰዎች በያዙት መሣሪያ እንዴት እንዳለፉ ለመቅመስ ነበር። በሌላው ሁሉ ብለያይም ጠያቂው ወንድማችን ቢያንስ ፎርኩንና ቴላዮውን እንደ ነበሩ ቢተዋቸው ደስ ይለኛል።

ቀስ ብሎ ሂያጅ

ጌታው፣ ለቅርስ ያለዎትን ፍቅር አከብራለሁ፤ እኔም አንድም ሳይነካ የተጠበቀ ሞተር ብስክሌት ሳይ ዓይኔ ያርፍበታል። ማንም ሰው ሙሉና ያልተነካ አንድ ግሪቭስ የተባለውን የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ከነአሉሚኒየም የፊት ምሰሶው አግኝቶ ሊቆርጠው ቢነሣ ከእርስዎ ጋር ቆሜ እከላከላለሁ። እዚህ ግን የቀረበልን ጉዳይ የተበታተነ ክፍል ነው፤ ከየትኛው እንደ ወጣ የማይታወቅ ፎርክ ያለበት ነገር ምን ተብሎ እንደ ነበረ ይተዋል?

ከዚህም ሌላ፣ በዚያ ዘመን የነበሩት ነጂዎች ራሳቸው የፋብሪካውን ዕቃ እንደ ተሰጣቸው አልነዱም። ሳሚ ሚለር በኤሪያሉ እ.ኤ.አ. በ1962 እና በ1964 የስኮትላንድን የስድስት ቀን ትራያል ሲያሸንፍ፣ ያ ባለ 500 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ከፋብሪካ ከወጣው ጋር እምብዛም አይመሳሰልም ነበር፤ ከዓመት ዓመት ብረቱን በቀላል እየተካ፣ ቴላዮውን እየቀየረ፣ ኪሎ በኪሎ አቅልሎታል። በዚያ ልምድ ላይ ተመሥርቶ ነው በ1964 መጨረሻ ወደ ስፔኑ ቡልታኮ ሄዶ ሼርፓ ቲ የተባለውን እንዲሠራ የረዳው፤ 72 በ60 የሆነ 244 ሲሲ ባለ ሁለት ምት ሞተር ነበረው፣ ክብደቱም ከ100 ኪሎ ግራም በታች ነበር። በ1965 በዚሁ ተመልሶ ሲያሸንፍ የከባዶቹ ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌቶች ዘመን ማክተሙ ታየ። ምድቡ በ1965 ላይ የተገደበበት ምክንያትም ይኸው መለወጫ ነው። ስለዚህ ቆርጦ ማሻሻል ራሱ የዘመኑ ባህል አካል ነበር።

በአንድ ነገር ግን ልክ ነዎት። የሠራነውን የሆነውን ብለን መጥራት አለብን። ከመለዋወጫ የተገጣጠመን ሞተር ብስክሌት ለሌላ ሰው ሲሸጡ ወይም ሲያሳዩ የፋብሪካ ውድድር ሞዴል ነው ማለት ማታለል ነው፤ የቴላዮውን ቁጥር ማጥፋት ወይም ሌላ ቁጥር መምታት ደግሞ ከዚያም የከፋ። ጠያቂያችን ወደ ውድድር ለመግባት ካሰቡ፣ አንድ ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ውድድር ደንብ ያንብቡ፤ አንዱ የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል።

ብረት ለቃሚ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። በምክራችሁ መሠረት ቀለሙን አውርጄ፣ የእህታችንን የዘይትና የኖራ ዘዴ ሞከርኩ። መሪው ቧንቧ ሥር በግራ በኩል ሁለት ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጥቁር ክር ብቅ አለ። ሞተሩን ቀድሜ ሠርቼ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቧንቧ ላይ ተማምኜ ድንጋይ ልወጣ ነበር ማለት ነው። አንግሉንም ለካሁት፤ 28 ዲግሪ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ለማንኛውም የተሰነጠቀው ቦታ መቆረጥ ስላለበት ወደ 25 ላቆመው ወስኛለሁ። የጥንቱ ይሻላል ያሉትን ወንድማችንን ለማክበር ግን ፎርኩን ውስጡን ሳልነካ በዘመኑ ዕቃ እጠግነዋለሁ።

ስለ ሚንስኩ ሳጥን እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ጥርስ ቆጣሪ

ስለ ሳጥኑ እኔ ልመልስ። የሰሙት እውነት ነው። የጀርመኑ ዲካቬ አርቲ 125 ንድፍ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በካሣ መልክ ለአሸናፊዎቹ አገሮች ደርሶ፣ እንግሊዝ ውስጥ ባንታም፣ አሜሪካ ውስጥ የሃርሊ ዴቪድሰን 125፣ ሶቪየት ኅብረት ውስጥ በኋላ ሚንስክ የሆነው ሞተር ብስክሌት ተሠርቶበታል፤ የያማሃ የመጀመሪያው ሞተር ብስክሌትም ከእሱ የተቀዳ ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ ክፍሎቻቸው ግን አይለዋወጡም። ቢኤስኤ ንድፉን በመስታወት እንደሚታይ አገላብጦ የማርሽ መርገጫውን ወደ ቀኝ አዞረው፤ መለኪያውንም ከሚሊ ሜትር ወደ ኢንች ቀየረው። በተለይ ከቡሎኖቹ ይጠንቀቁ። የሚሊ ሜትር ቡሎን በኢንች ቀዳዳ ውስጥ ሁለት ዙር ያህል በጣት ሳይቀር ይገባል፤ ከዚያ ይጠነክራል፤ ሰው ዝገት መስሎት በመፍቻ ሲገፋው የአሉሚኒየሙን ጥርስ ጠራርጎ ያወጣዋል። በጣት እስከ መጨረሻው የማይገባ ቡሎን የዚያ ቀዳዳ አይደለም።

አሁን ወደ ስሜ ልመለስ። በሞተሩና በካምቢዮው ውስጥ ያለውን የጥርስ ምጣኔ መቀየር ከባድ ስለሆነ፣ የምንነካው ሰንሰለቱ የሚያገናኛቸውን ሁለቱን ፒኞኖች ነው። ከፊት 14፣ ከኋላ 48 ጥርስ ቢኖር ምጣኔው 3.43 ይሆናል፤ ከፊት 12፣ ከኋላ 54 ብናደርገው 4.5 ይደርሳል፣ ማለትም ሞተር ብስክሌቱ በ24 ከመቶ ያህል ይዘገያል። ምን ያህል መዘግየት እንዳለበት ደግሞ በእግር ጉዞ ይለኩት። በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ 33 ጊዜ ሲዞር የኋላ ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል እንበል። የትራያል የኋላ ጎማ ዙሪያ ሁለት ሜትር ከጥቂት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ሲዞር ጎማው 30 ጊዜ፣ ሞተር ብስክሌቱ ደግሞ 62 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ በሰዓት 3.7 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። ሰው ሳይቸኩል ከሚራመድበት ፍጥነት ያነሰ ነውና የፍሪሲዮኑን እጀታ ሳይነኩ በድንጋዮች መካከል ማለፍ ይችላሉ።

የዲ7 ችግር ማርሹ ሦስት ብቻ መሆኑ ነው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው። እንዲህ ሲዘገይ ግን ሁለተኛው ማርሽ ራሱ ለብዙው አቀበት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የባንታም ዲ14/4 አራት ማርሽ አለው፤ ከ1965 በኋላ የተሠራ መሆኑን ግን አይርሱ።

እርጥብ ድንጋይ

ስለ ጎማ ማንም አላነሣም፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት ገንዘብ የማወጣበት እሱ ላይ ነው። ከፊት 2.75 በ21፣ ከኋላ 4.00 በ18 የሆነ ለትራያል የተሠራ ጎማ ይግዙ፤ ጎኑ ለስላሳ፣ ጥርሱም አጫጭርና የተጠጋጋ ነው። ለመስክ እሽቅድምድም የተሠራው ረጅም ጥርስ ያለው ጎማ ድንጋይ ላይ ጥርሱ ስለሚታጠፍ ያንሸራትታል። ነፋሱ ከፊት 0.4፣ ከኋላ 0.3 ባር ገደማ ብቻ ነው። ለመንገድ ሰው ጎማው የተነፈሰ ይመስላል፤ ድንጋይን አቅፎ የሚይዘው ግን በዚያ ልስላሴ ነው።

በዚያ ነፋስ ጎማው ቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የካላማዳሪያውን መንፊያ ይበጥሰዋል። ስለዚህ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ጨብጦ የሚይዘው ባለ ቡሎን መቆንጠጫ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ለኋላው ግዴታ ነው።

የኋላ ቸርኬዎ መሃል ክፍል ስለሌለው ከሌላ ሞተር ብስክሌት ያመጡት ይሆናል። ሽቦዎቹን ከማዘዝዎ በፊት መሃል ክፍሉን ዘንጉ ላይ አስገብተው የሁለቱ ፒኞኖች ፊት በአንድ ቀጥ ያለ ብረት ላይ መግጠሙን ይዩ። ቸርኬውን ወደ መሃል የሚያመጡት በኋላ በሽቦው ነው፤ የሰንሰለቱን መሥመር ግን በሽቦ ማስተካከል አይቻልም፤ በቶርኖ የተቆረጠ ቀለበት ከዘንጉ ጎን ማስገባት ይጠይቃል።

ሁለት ምት

ሞተሩ እስኪደርስ ጠብቄ ነበር። ባለ ሁለት ምት ሞተር ውስጥ ነዳጅና አየሩ መጀመሪያ የሚገባው ክራንክ ሻፍቱ ካለበት ክፍል ነው። ስለዚህ የክራንክ ሻፍቱ ፓራኦሊዮ (ዘይትና አየር እንዳያልፍ የሚያሽገው ላስቲክ) ከደረቀ በአንዱ በኩል ከፍሪሲዮኑ ዘይት ይስብና ነጭ ጭስ ያጨሳል፤ በሌላው በኩል ደግሞ አየር ይስባል። አየሩ የከፋ ነው፤ ነዳጁን አቅጥኖ ፒስተኑን እስኪበሳ ያግለዋል። የእርስዎም ፒስተን የተጫረው በዚህ ሊሆን ስለሚችል አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ምክንያቱን ይፈልጉ።

አፈላለጉ ቀላል ነው። አዲሶቹን ፓራኦሊዮዎችና ጓርኒሲዮኖች ገጥመው ሲጨርሱ የካርቡሬተሩንና የማርሚታውን በር በላስቲክና በላሜራ ይድፈኑ። ካንዴላው በሚገባበት ቀዳዳ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል ይንፉ፤ ከዚያ አይጨምሩ፣ ፓራኦሊዮውን ይገለብጠዋል። የሳሙና አረፋ በብሩሽ በየመጋጠሚያው ይቀቡና በጸጥታ ይመልከቱ። እኔ አንዴ ይህን ሳደርግ ሁሉም ደህና ሆኖ ሳለ የመለኪያው ቀስት ዝም ብሎ ይወርድ ነበር። ግማሽ ሰዓት ፈለግሁ። በመጨረሻ ከሞተሩ ሥር ባለች አንዲት የዘይት ማፍሰሻ ቡሎን ዙሪያ፣ እንደ ጤፍ ፍሬ ያነሱ አረፋዎች አንድ በአንድ እየወጡ ሲፈነዱ አየሁ። ራንዴላዋን ቀየርኩ፤ ቀስቱም ቆመ።

የብልጭታውን ጊዜ በተመለከተ፣ አሮጌውን ፑንቲና (ሲከፈት ብልጭታውን የሚያስነሣውን የኤሌክትሪክ መቆራረጫ) ካልተኩት ጥርሶቹን በቀጭን ሊማ አስተካክለው፣ በመካከላቸው ስስ ወረቀት አስገብተው በቀስታ እየሳቡ ቮላኖውን በእጅ ያዙሩ። ወረቀቱ የሚለቀቅባት ቅጽበት ብልጭታው የሚነሣባት ናት። ለዝግታ ሥራ ከፋብሪካው ልክ ጥቂት ዘግይቶ እንዲነሣ ቢያደርጉት ሞተሩ ከታች ይለሰልሳል፣ ሲያስነሡትም እግርዎን አይመታም። ካርቡሬተሩ ላይ ደግሞ ትልቁን ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍባትን ቀዳዳ) ትተው የዝግታውን መሥመር ያጽዱ፤ ትራያል ላይ ከሦስት አራተኛ በላይ ጋዝ የሚከፈትበት ጊዜ እምብዛም የለም።

ሌላው፣ እባክዎን ከእጅ አንጓ ጋር በገመድ የሚታሰር ሞተር ማጥፊያ ይግጠሙ። ዳገት ላይ ከኋላው የሚወድቅ ሰው እጁ ጋዙን እንደ ጨበጠ ነው የሚወድቀው።

ብረት ለቃሚ

ከአምስት ወር በኋላ ተመልሻለሁ።

ቴላዮው በነሐስ ተበይዶ አንግሉ 25 ዲግሪ ላይ ቆሟል። መርገጫዎቹ የቶርኖዋ ልጅ እንዳሉት ቧንቧውን አቅፎ በሚይዝ ላሜራ ላይ ሲሆኑ፣ ከሞተሩ ሥር ደግሞ ድንጋይ እንዳይበሳው ወፍራም አሉሚኒየም አስሬያለሁ። ሞተሩ በፋብሪካው ግፊት ላይ ነው፤ ቮላኖው ላይ በቶርኖ የተቆረጠ የብረት ቀለበት ጨምሬበታለሁ። በግፊት ስፈትሸው የሚያስወጣው የፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ፓራኦሊዮ ነበር፤ አቀማመጡ ተገልብጦ ስለገጠምኩት ነው። የሚንስኩን ሳጥን ለሚያስፈልገው ሰው ሰጠሁ።

ባለፈው ቅዳሜ በ12 እና በ54 ጥርስ ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሣሁት። በአራተኛው ምት ተነሣ። አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብዬ ለቀቅሁና ቆምኩበት፤ ጋዙንም ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። አልጠፋም። እያንዳንዱ ምት ለብቻው እየተሰማ፣ እኔ ቆሜ፣ ሞተር ብስክሌቱ ከጎኔ ከሚራመደው ልጄ ኋላ ቀርቶ ተከተለው። ልጄ ዘወር ብሎ «አባዬ፣ ትሄዳለህ ወይስ ቆመሃል?» አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ይሰማኛል ብዬ አልጠበቅሁም።

ከዚያ ጉልበት የሚያህል ድንጋይ መርጬ ሁለት ጊዜ ወጣሁት፤ ሦስተኛው ላይ ግራ እግሬን አስነካሁ። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የማሽኑ ለማወቅ መርገጫውን በ15 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ወስጄ ሞከርኩ፤ ጎማው በግልጽ ይበልጥ ነከሰ። አሁን የቀረኝ አንድ ችግር አለ። አሞርዛተሩ እስከ መጨረሻ ሲጨመቅ ሰንሰለቱ ከኋላው ክንድ ላይኛ ፊት ጋር ይተሻሻል፤ ብረቱ ላይ የሚያብለጨልጭ መሥመር አውጥቷል። ጠንካራ ፕላስቲክ ቆርጬ ላልብሰው ወይስ ሰንሰለቱን የሚያወጣ ትንሽ መንኰራኵር ልሥራ? የሞከራችሁ ካላችሁ፣ በቴላዮው ላይ አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ከመብሳቴ በፊት ብትነግሩኝ።

የቶርኖዋ ልጅ

እንኳን ለዚህ አበቃዎት ወንድሜ! ሁለቱንም ያድርጉ፤ ግን በቅድሚያ ፕላስቲኩን። መንኰራኵሩ ብቻውን ከሆነ ጭቃ ሲይዘው ይቆምና ሰንሰለቱ ይበላዋል። ቴላዮው ላይ ምንም አይብሱ። የኋላው ክንድ ላይ በሁለት ማቀፊያ ቀበቶ ይሰሩት፣ ስምንት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይበቃል፤ የፊቱን ጫፍ በሊማ ዘንበል ያድርጉለት፣ ሰንሰለቱ ሲመጣ እንዳይጋጨው። ወር ያህል ከነዱት በኋላ ምን ያህል እንደ ተበላ ለክተው ይጻፉልን።

ብረት ለቃሚ

ዛሬ ማታ እቆርጠዋለሁ።